አርቪ የሚያቃጥለው የበዛ መብራት ብቻ አይደለም

ባለፈው ሐምሌ ቤተሰቡን ይዤ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ አካባቢ ወዳለ አንድ የግል ካምፕ ሄድኩ። አርቪ ተከራይተን ነው። አርቪ ማለት አልጋ፣ ማድ ቤትና መታጠቢያ ያለው፣ በጎማ የሚሄድ ቤት ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኤሲው ባለ በሌለ ኃይሉ ይሠራል። ባለቤቴ ወጥ ልታሞቅ ማይክሮዌቩን ስትጫነው ቀጭ አለና ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

"መብራት ሄደ!" አልኩ። ይህን ያህል ዓመት አሜሪካ ኖሬ አፌ ላይ የቀረችው እሷ ናት።

መብራቱ ግን አልሄደም። የጎረቤቶቻችን ኤሲ ይጮሃል። ወጥቼ የካምፑን የመብራት ሳጥን አየሁ። አከራያችን "ይህችን ሳትሰኩ አርቪውን እንዳትሰኩ" ብሎ የሰጠን ጥቁር ዕቃ እዚያ ላይ ተንጠልጥላለች። ትንሿ ስክሪኗ የስህተት ምልክትና 107 የሚል ቁጥር እያፈራረቀች ታሳያለች። መሆን ያለበት 120 ቮልት ነው። ያውም ይህ የእኛ ሸክም ሁሉ ከወረደ በኋላ ነው። 2 ደቂቃ ያህል ጠብቃ መልሳ ለቀቀችው። ኤሲው ጉርር ብሎ ሲነሳ ቁጥሩ ወደ 103 ወረደና ደግሞ ቀጭ።

እኔ ዕቃዋን የማውቃት በሰርጅ ፕሮቴክተርነቷ ነው። መብራት በድንገት ሲበዛ የምታስቆም ዘበኛ ትመስለኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን ያጠፋችው መብራቱ በዝቶ ሳይሆን አንሶ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳገላብጥ ከርሜ የደረስኩበት ይሄ ነው፤ "ሰርጅ" የሚለው ስም ብዙ ባለ አርቪዎችን አዘናግቷል። ሰው መብረቁን ይፈራል። ዕቃውን የሚጨርስበት ግን ብዙውን ጊዜ የደከመ መብራትና የተበላሸ ሽቦ ነው።

መጀመሪያ በገመዱ የሚመጣውን እንወቅ። አሜሪካ ውስጥ መብራት ወደ ቤት የሚገባው በሁለት ፌዝ፣ ማለትም መብራት በሚያመጡ ሁለት ሽቦዎች ነው። እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር ሲለካ 120 ቮልት ነው። ሁለቱ ፌዞች እርስ በርሳቸው ሲለኩ 240 ይሆናሉ። አነስ ያለ አርቪ ባለ 30 አምፕ ገመድ አለው፤ ሦስት እግር፣ አንድ ፌዝ፣ 120 ቮልት፣ በድምሩ 3,600 ዋት። ትልቁ አርቪ ባለ 50 አምፕ ነው፤ አራት እግር፣ ሁለት ፌዝ፣ በድምሩ 12,000 ዋት። 30 እና 50 ሲባል ልዩነቱ እጥፍ እንኳ የማይሞላ ይመስላል። ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

ትክክለኛው ሰርጅ ከዚህ ሁሉ በጣም አጭር ነገር ነው። ቅርብ ቦታ መብረቅ ሲወርድ ወይም በዋናው መስመር ላይ ትልቅ ጭነት ሲበራና ሲጠፋ፣ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ጀምሮ በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ ሽው ብሎ ያልፋል። የሚያስቆመው ቫሪስተር የምትባል፣ ከዚንክ ኦክሳይድ የተሠራች ሳንቲም የምታህል ነገር ናት። በደህና ጊዜ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ በሯን ትከፍትና ትርፉን ወደ ጎን ታወርደዋለች። ካርቶኑ ላይ በጁል የሚጻፈው ቁጥር ይህን ያህል ጉልበት መዋጥ ትችላለች ማለት ነው። ችግሩ በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ ትደክማለች። ከአምስት ዓመት በፊት የተገዛ ፕሮቴክተር መብራቱ ስለበራ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። መብረቅ በቀጥታ ከወረደ ደግሞ የትኛውም ዕቃ አያድንም። ሰማዩ ሲያጉረመርም መንቀል ነው፤ እናቶቻችን ቴሌቪዥኑን ይነቅሉት እንደነበረው።

እንግዲህ ይህች ሳንቲም የምታህል ነገር ለሽውታው ናት። ለሰዓታት ለሚቆይ ችግር አትሆንም። ከካምፕ ሳጥን የሚመጣው መከራ ደግሞ በአብዛኛው ለሰዓታት የሚቆየው ነው።

የደከመውን መብራት እንውሰድ። አምፖል ቮልት ሲያንሰው ይፈዛል እንጂ አይሞትም። ሞተር ግን እንደዚያ አይደለም። የኤሲው ኮምፕረሰር ጋዙን የመጭመቅ ሥራው አልቀነሰለትም፤ ቮልቱ ሲያንስ ጉድለቱን በተጨማሪ አምፕ ሊሞላ ይሞክራል። ተጨማሪ አምፕ ማለት ተጨማሪ ሙቀት ነው። ሙቀቱ የሽቦውን ጥቅል ልባስ ቀስ በቀስ ያበስለዋል። በተለይ ሲነሳ፣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ አምፕ በሚስብባት ቅጽበት፣ ቮልቱ ካነሰ መነሳት አቅቶት እዚያው እያቃሰተ ይግላል። ዕቃው በዚያው ዕለት አይሞትም። የሚሞተው በሚቀጥለው ክረምት ወይም በጋ ነው። ያኔ ባለቤቱ "ለነገሩ አርጅቶ ነበር" ይላል። በካምፑ ሳጥን የሚያሳብብ የለም።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ፍሪጁ ጎን ያለችው፣ ማታ ማታ ቀጭ ቀጭ ስትል እንቅልፍ የምትነሳው ስታብላይዘር ሥራዋ ይሄው ነበር። ልዩነቱ እዚህ አገር ሰው ቮልት ይዋዥቃል ብሎ አይጠረጥርም። ከቤቱ ሶኬት 120 ሲቀዳ ኖሮ ጫካ ውስጥ ያለው ሳጥንም ያንኑ የሚሰጠው ይመስለዋል።

ካምፑ ለምን ይደክማል? እዚህ ጋ አንድ ደስ የሚል ስሌት አለ። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ፣ ናሽናል ኤሌክትሪካል ኮድ የሚባለው፣ አንቀጽ 551 ላይ ስለ አርቪና ስለ አርቪ ካምፖች ይደነግጋል። ካምፑ አንድ ቦታ ብቻ ካለው ሙሉ ጭነቱ ይታሰባል። ቦታው ሲበዛ ግን ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሁሉንም አያበራም ተብሎ እየተቀነሰ ይሄዳል። 36 እና ከዚያ በላይ ቦታ ላለው ካምፕ ዋናው መስመር በትንሹ ለ41 በመቶው ጭነት ከተሠራ በቂ ነው። ሁሉም ዕድርተኛ በአንድ ቀን ድንኳን አይፈልግም እንደማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ሐምሌ ላይ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ 36 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ግን ሁሉም ድንኳን ይፈልጋል። ኤሲ የማያበራ ማን አለ?

የአርቪው ቁጥርና አቅም ደግሞ አድጓል። በኮቪድ ጊዜ ሆቴልና አውሮፕላን የፈራ ሁሉ ወደ አርቪ ዞረና በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ600 ሺህ በላይ አዳዲስ አርቪዎች ከፋብሪካ ወጥተዋል፤ ከዚያ በፊት በየትኛውም ዓመት ይህን ያህል አልወጣም። ድሮ አንድ ኤሲ ይበቃ የነበረው ዛሬ ሁለት፣ ትልቁ ሦስት ይዞ ይመጣል። ደንቡም ይህን አይቷል። ለባለ 50 አምፕ ቦታ ይታሰብ የነበረው 9,600 ቮልት አምፒር (እንደ ዋት ያለ የጭነት መለኪያ ነው) በ2020 እ.ኤ.አ. እትም ወደ 12,000 ከፍ ብሏል። ነገር ግን አዲስ ደንብ የተቀበረ ገመድ አይቀይርም። ብዙ ካምፖች ድንኳንና ትንንሽ ካራቫን በነበረበት ዘመን የተቀበረ ሽቦ ላይ ነው ያሉት።

በዚህ ላይ የኤሌክትሪክ መኪናው መጣ። ባለ 50 አምፑ የካምፕ ሶኬት ቴስላም ሆነ ሌላ የኤሌክትሪክ መኪና ቤቱ ከሚሞላበት ሶኬት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ኤሲ ይነሳል፣ ያርፋል። መኪና ግን ከሰካኸው 32 አምፕ እየሳበ ሳያርፍ ሌሊቱን ያድራል። መስመሩ መጨረሻ ላይ የቆመ አርቪ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ቦታ ስትመርጡ "ጥላ ያለው" ብቻ ሳይሆን "ለዋናው ሳጥን የቀረበው" ብላችሁ ጠይቁ። እንደ እብድ ያዩዋችኋል፤ ግን ጠይቁ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። እስካሁን ያወራሁት ቀስ ብሎ የሚገድለውን ነው። በአንድ ደቂቃ ቤቱን ሁሉ የሚጨርሰው የላላ ኒውትራል ነው።

ባለ 50 አምፑ አርቪ ውስጥ ሁለት ፌዝ አለ ብለናል። ማይክሮዌቩ በአንዱ፣ ቴሌቪዥኑ በሌላው ላይ ነው እንበል። ሁለቱም ወደ አንድ ኒውትራል ይመለሳሉ። ኒውትራሉ ደህና እስከሆነ ድረስ እያንዳንዳቸው 120 ያገኛሉ። በየሳምንቱ ሲሰካና ሲነቀል የኖረው የካምፕ ሶኬት ውስጥ ኒውትራሉ ላልቶ ቢላቀቅስ? ሁለቱ ዕቃዎች በአንድ ሰንሰለት የታሰሩ ያህል ይሆኑና 240ውን ይከፋፈሉታል። ክፍፍሉ ደግሞ እኩል አይደለም። 1,200 ዋት የሚስበው ማይክሮዌቭ 12 ኦም ነው፤ ኦም ዕቃው የመብራቱን መፍሰስ ምን ያህል እንደሚቋቋም መለኪያ ነው። 120 ዋት የሚስበው ቴሌቪዥን 120 ኦም ነው። ባለ ብዙ ኦሙ ብዙ ቮልት ይወስዳል። ስታሰሉት ማይክሮዌቩ ወደ 22 ቮልት፣ ቴሌቪዥኑ 218 ቮልት ይደርሰዋል። ትልቁ ተርቦ ትንሹ በጥጋብ ይሞታል።

218 ቮልት 120 የለመደውን ዕቃ ምን እንደሚያደርገው ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ከአሜሪካ የላክነው የቡና መፍጫ አገር ቤት ደርሶ ያለ ትራንስፎርመር ሲሰካ የሚሸተውን ሽታ ስንቶቻችን እናውቀዋለን። ልዩነቱ እዚህ መፍጫው ብቻ አይደለም። ቻርጀሩ፣ የፍሪጁ ካርድ፣ የኤሲው ካርድ፣ ሁሉም ባንዴ ነው። ተራዋ ቫሪስተር ደግሞ ይህን አታስቆምም። ለሽውታ የተሠራች ስለሆነች ቮልቱ ሲቆይባት ራሷም ተቃጥላ ታርፋለች።

የዚህ ነገር ወንድም በገዛ ግቢያችን አለ። አርቪ የገዛ ሰው ቤቱ ጎን ሶኬት ማስገባት ይፈልጋል። ኤሌክትሪሺያን ይጠራና "30 አምፕ ሶኬት አስገባልኝ" ይለዋል። አብዛኛው የቤት ኤሌክትሪሺያን 30 አምፕ ሲባል የሚመጣበት የልብስ ማድረቂያ ነው። ማድረቂያው ደግሞ 240 ቮልት ነው። የአርቪው ሶኬትና የድሮው የማድረቂያ ሶኬት ሦስት እግር ስላላቸው ላየ ሰው ይመሳሰላሉ። ሰውየው በቅን ልቦና ሁለት ፌዝ ያስገባበታል። የመጀመሪያው ቀን ሲሰካ አርቪው ውስጥ የነበረው ሁሉ አለቀለት። በዕውቂያ፣ በቅናሽ የምናሠራ ሰዎች እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። የሚባለው ቃል "ለአርቪ፣ 120 ቮልት" ነው። ሥራው ሲያልቅ በሜትር ለክቶ ቁጥሩን ያሳያችሁ።

ግራውንዱ ሲበጠስ ደግሞ የሚጎዳው ዕቃው ሳይሆን ሰው ነው። አርቪ ጎማ ላይ ስለቆመ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ያ አንድ ሽቦ ብቻ ነው። እሱ ከሌለና የሆነ ቦታ ፌዝ ካፈተለከ የአርቪው ቆርቆሮ በሙሉ መብራት ይዞ ይቆማል። ባዶ እግሩን እርጥብ ሣር ላይ የቆመ ልጅ የበሩን እጀታ ሲይዝ ነው ነገሩ የሚታወቀው። በር ሲነካ "ነዘረኝ" የሚል ሰው ካለ አርቪውን ሳይነኩ ወዲያው የካምፑ ሳጥን ላይ ያለውን ብሬከር አጥፍቶ ገመዱን መንቀል ነው። ቀለል ያለ ነዘር የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ ምን ይገዛ? ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ዕቃ አለ፤ ሁለቱም በአንድ ስም ይሸጣሉ። ርካሹ ቫሪስተርና ጥቂት መብራቶች ብቻ አሉት። ሽውታውን ይውጣል፣ ሽቦው ከተሳሳተ በመብራት ይነግራችኋል፣ ግን አይቆርጥም። ሁለተኛው ኢኤምኤስ የሚሉት ነው። ውስጡ መቁረጫ አለው። ቮልቱን ሳያቋርጥ ይለካል፤ ከ104 ሲያንስ ወይም ከ132 ሲበልጥ ይቆርጣል (እንደ አምራቹ አንድ ሁለት ቮልት ይለያያል)። ኒውትራል ወይም ግራውንድ ከሌለ መጀመሪያውኑ አይለቅም። ሲመልስም ቸኩሎ አይመልስም፤ ኮምፕረሰሩ ግፊቱ እስኪረግብለት ይታገሳል። ፕሮግሬሲቭ ኢንደስትሪስ፣ ሰርጅ ጋርድና ሂውዝ በዚህ የታወቁ ስሞች ናቸው። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከ200 ዶላር በላይ ነው፣ ለ50 አምፑ ደግሞ ይጨምራል። ያናድዳል። አንድ የጣሪያ ኤሲ ከነማስገጠሚያው ከሺህ ዶላር በላይ እንደሚፈጅ ሳስብ ግን ንዴቴ ይበርዳል። እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በአሥር ሺዎች ዶላር የሚሸጡ ብዙ አርቪዎች ይህች ዕቃ ሳትኖራቸው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት።

ቮልት ከፍ የሚያደርግም አለ፤ አውቶፎርመር ይባላል። የኛው የስታብላይዘር ዘመድ ነው። ቮልቱን 10 በመቶ ያህል ያነሳዋል። ነገር ግን ከሰማይ አያመጣውም። ከሳጥኑ ተጨማሪ አምፕ ስቦ ነው፣ ያ ደግሞ የጎረቤትን ቮልት ትንሽ ያወርደዋል። ጎረቤትም አውቶፎርመር ካለው... መቼም የት እንደሚደርስ ይታያችኋል። እኔ ቢሆን መጀመሪያ የሚቆርጠውን እገዛለሁ።

ጄኔሬተር ለምትጠቀሙ አንድ ነገር። ትንንሾቹ ኢንቨርተር ጄኔሬተሮች ኒውትራልና ግራውንዳቸው ስላልተገናኘ ኢኤምኤሱ "ግራውንድ የለም" ብሎ እምቢ ይላል። ዕቃው አልተበላሸም። ሁለቱን የምታገናኝ ትንሽ ሶኬት ትሸጣለች፣ እሷን ጄኔሬተሩ ላይ መሰካት ነው። ታዲያ ለጄኔሬተር ብቻ፤ የካምፕ ሳጥን ላይ አትሰካም።

ሰርጅ ከባትሪው በኩልም እንደሚመጣ ብዙ ሰው አይጠረጥርም። አሁን ሁሉም ሊቲየም ባትሪ እያስገባ ነው። ሊቲየሙ ውስጡ ተቆጣጣሪ አለው፤ ባትሪው ሲሞላ ወይም ሲበርደው በቅጽበት ራሱን ይቆርጣል። በዚያች ቅጽበት ተርናታው (በሞተሩ እየዞረ ባትሪ የሚሞላው አልተርኔተር) በሙሉ ኃይሉ እየሞላው ከነበረ ኃይሉ መግቢያ ያጣና ቮልቱ ሽቅብ ይዘላል፤ የተርናታውን ዳዮዶች ይዞ ይሄዳል። መድኃኒቱ በተርናታውና በሊቲየሙ መሃል የሚገባ ዲሲ ለዲሲ ቻርጀር ነው። የጭነት መኪና የምትነዱና ለመኝታው ተጨማሪ ባትሪ ያስገባችሁ ወገኖች፣ ይህች ነገር እናንተንም ትነካለች።

አሰካኩም ሥርዓት አለው። ሳጥኑ ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ ሶኬቱን አሽትቱት፣ እዩት። የቀለጠ ፕላስቲክ ወይም ዙሪያውን ቡናማ ያለ ጥላሸት ካለ ቦታ ቀይሩ፤ የላላ መያዣ ማለት ነው። ከዚያ ብሬከሩን ማጥፋት። መከላከያዋን ብቻ መሰካት፣ ብሬከሩን ማብራትና ቁጥሩን ማንበብ። ደህና ከሆነ ብሬከሩን መልሶ አጥፍቶ የአርቪውን ገመድ መሰካት፣ ከዚያ ማብራት። ሲወጡ በተቃራኒው፤ ኤሲው አስቀድሞ ይጠፋል። በርቶ እያለ የሚነቀል ገመድ ጫፉ ላይ ብልጭ ይላል። ያ ብልጭታ ነው ሶኬቱን እየበላ ለሚቀጥለው እንግዳ የላላ ኒውትራል የሚያወርሰው።

እኛ የዚያን ቀን ምን አደረግን? ለካምፑ ቢሮ ነገርኳቸው። ትሁቷ ልጅ "በጋ ላይ እንዲህ ነው" አለችኝ። የውኃ ማሞቂያውንና ፍሪጁን ከመብራት ወደ ጋዝ ቀየርናቸው፤ ሁለቱም በሁለቱም ይሠራሉ። ወጡ ምድጃው ላይ ሞቀ። ኤሲውን አጥፍተን ወንበሮቹን ዛፍ ሥር አወጣን። ትንሹ ልጄ የስክሪኗን ቁጥር የማንበብ ሥራ ተሰጠው። በየሩብ ሰዓቱ እየሮጠ እየሄደ "107!"፣ "108!"፣ "ባባ፣ 108 ነው አሁንም!" ይለኛል። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትገባ 111 ሆነ። ሰው እራቱን በልቶ፣ ኤሲውም እያረፈ መሥራት ሲጀምር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ 116 አለ።

ያኔ ኤሲውን ከፈትነው። ቁጥሩ 112 ላይ ወርዶ ቆመ።